የደራሽ ዘር

ሁለቱ ዘንቢሎች አንድ ዓይነት ነበሩ።

ንዋይ ከናዝሬት አውቶቡስ ተራ ማዶ፣ ከአንድ የቆመ የጭነት መኪና ጥላ ሥር ሆኖ ያያል። የላንድሮቨሩን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። ሥራ የፈታ ሹፌር ይመስላል። ደግሞም ሹፌር ነው፤ ቢያንስ ደመወዝ የሚፈርምበት ወረቀት እንደዚያ ይላል።

ዶክተር አበዛሽ ዘንቢሏን ከአግዳሚው ሥር አስቀምጣ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት መጥታ ከጎኗ አረፍ አለች። እሷም ዘንቢል ይዛለች። ሁለቱ አልተያዩም። አልተነጋገሩም። የሻሸመኔው አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ ባለሻሿ ተነሳች።

ያነሳችው ዘንቢል የራሷ አልነበረም።

«ቶይባ! ቶሎ በይ እንጂ!» አለ የአውቶቡሱ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ። «አርሲ ነገሌ ገበያው ሳይበተን አደርስሻለሁ፤ ግቢ!»

ንዋይ ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ።

ስም አገኘ። ከተማ አገኘ።

ለወራት የደከመው ለዚህ ነበር። ከናዝሬት ወጣ ብሎ ያለው የዘር ጣቢያ ሰዎች ሰብስቤ ይሉታል፤ የዶክተር አበዛሽ ሹፌር። በላከው የደኅንነት መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ስሙ «ጃርት» ነው። ንዋይ የሚለውን፣ እናቱ ያወጣችለትን ስም፣ የሚጠራው ሰው አልቀረም።

አበዛሽ ስትመለስ መኪናው ውስጥ ሆኖ መስተዋት ይወለውላል።

«አስጠበቅኩህ?»

«ኧረ ገና አሁን ሞተሩ በረደልኝ፣ ዶክተር።»

ሃምሳን የተሻገረች፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ያጠቆራት ሴት ነች። ዘንቢሉን ከእግሯ ሥር አስቀመጠች። ምንም አልነበረበትም፤ የመኪናው ንፋስ ጎኑን ያርገበግበዋል።

*

የመገናኛቸው ሕግ ቀላል ነው። አለቃው ሻምበል ዘገዬ ፓስቲቸሪው ውስጥ ጋዜጣውን አጥፎ ከተቀመጠ፣ ሳይቆሙ ማለፍ። ዘርግቶ ካነበበ፣ ገብቶ መቀመጥ።

ጋዜጣው ተዘርግቷል።

«ተናገር» አለ ዘገዬ ቀና ሳይል። ሲቪል ለብሷል። ማኪያቶው ፊት ለፊቱ ቀዝቅዟል።

«ተቀባይዋ ቶይባ ትባላለች። አርሲ ነገሌ የእህል ነጋዴ ናት።»

«ከእሷ ወደ ማን?»

«እሱን ገና ነኝ።»

«ፍጠን። ሴትየዋ የመንግሥት ዘር በነጋዴ እጅ ለውጭ ኩባንያ እያሸሸች ነው። ሕዝብ በረሃብ እያለቀ!» ጋዜጣውን ገለጠ። «አንዲት ፍሬ እንዳትቀር እፈልጋለሁ። ሁሉም መሰብሰብ አለበት።»

«ከአዳሚ ቱሉ ያመጣሁት ጆንያስ ምን ደረሰ፣ ጓድ ሻምበል?»

«አዲስ አበባ ነው። ታሽጎ ኤግዚቢት ሆኗል። ለምን ጠየቅክ?»

«እንዲያው ነው።»

እንዲያው አልነበረም። ያን የቦሎቄ ዘር ጆንያ ያወጣው ኦቦ መርዳሳ ከሚባሉ ሽማግሌ ቤት ነው። ወታደሮቹ እጃቸውን ሲያስሯቸው ሽማግሌው አልተከራከሩም፣ አልለመኑም። ጆንያው መኪናው ላይ ሲወጣ ብቻ ወደ ንዋይ ዞረው በሰባራ አማርኛ እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ እሱን እንዳትበሉት እሺ? የሚዘራ ነው።»

የጆንያውን አፍ ንዋይ ራሱ ነበር በሰማያዊ ሲባጎ የሰፋው። ያስረከበውን ነገር ሁሉ እሱ ብቻ የሚያውቀው ምልክት ያደርግበታል። የቆየ ልማዱ ነው። በዚያ ሥራ ላይ ልማድ የሌለው ሰው ዕድሜ የለውም።

*

ሰኔ 1977 ነበር። ባለፈው ዓመት ዝናብ ስምጥ ሸለቆውን ዘሎት አልፏል። ዘንድሮ ሰማዩ ሲጠቁር ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ያያል፤ ግን ብዙው ገበሬ የሚዘራው የለውም።

አበዛሽ በአዋሽ ውሃ ከሚጠጣው መደብ ዳር ቆማ ጠራችው።

«ሰብስቤ፣ ና እስቲ ይሄን እይ።»

አንድ እግር ቦሎቄ ከነሥሩ ነቅላ አፈሩን አራገፈችለት። ሥሩ ላይ ጥቃቅን ጉብጉብ ያሉ እጢዎች ተለጥፈዋል። አንዱን በጥፍሯ ሰነጠቀችው። ውስጡ ቀላ ያለ ነበር፤ ሥጋ ይመስላል።

«ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። ከአየር ላይ ምግብ ስቦ ለመሬቱ ያበላል።»

«ማዳበሪያ ነው በሉኛ።»

«ከመርከብ የማይወርድ ማዳበሪያ!» ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ጠፋ። «በቆሎ በበቆሎ ላይ እየደራረብን መሬቱን ገደልነው። አንድ ዓመት በቆሎ፣ አንድ ዓመት ቦሎቄ ወይ ሽንብራ ብንል ኖሮ አፈሩ አይሞትም ነበር። የዛሬውን ጉርሻ ብቻ አይደለም የማስበው። የእነ መርዳሳ የልጅ ልጆች የሚያርሱት መሬት ይኑር ነው የምለው።»

ቦሎቄዋን ገበሬዎቹ ራሳቸው «ደራሽ» ብለዋታል። ዝናብ ጀምሮ ቢያቋርጥ እንኳ፣ ከመቋረጡ በፊት ፍሬዋን ትይዛለች። አበዛሽ ዕድሜዋን የጨረሰችው እሷን በመምረጥ ነው። ለገበሬ ትሰጥ ብላ ደጋግማ ጠየቀች፤ ፈቃድ አልተገኘም። አሁን ደግሞ ከላይ ትእዛዝ መጥቷል፦ የቦሎቄው መደብ ይገለበጥ፤ መሬቱ በሙሉ በቆሎ ይዘራበት።

«ሲገለበጥ ዘሩስ?» አላት።

«እሱን አንተ ምን አስጨነቀህ?» ብላ ዓይኑን አየችው።

 ይፋት የነበረው ታላቅ ወንድሙ ትዝ አለው። ባለፈው ዓመት ልጆቹ ሲያለቅሱበት ለዘር ያስቀመጠውን ሽንብራ ቀቀለው። ዘሩን በሉት። ከዚያ ወዲያ ምን ይጠበቃል? ቤቱን ዘግቶ ልጆቹን ይዞ መንገድ ገባ። የት እንደ ደረሱ ያየ ሰው የለም። ንዋይ በመሥሪያ ቤቱ በኩል ሊያፈላልግ ሞክሮ ነበር፤ ሬሳ ከሕያው የማይለይበት ጊዜ ስለነበር ተወው።

*

ባቡር ጣቢያ የሄደው የመኪና ኩሽኔታ ሊቀበል ነው።

የድሬዳዋው ባቡር እየጫነ ነበር። በጋሪ የሚገፉ ሣጥኖች፣ የቆዳ እስር፣ የቡና ጆንያ። ንዋይ ወረፋ ይዞ ዓይኑን ያንከራትታል። የትም ቦታ ሲገባ ዓይኑ ሥራውን አያቆምም።

ከአንዱ ጋሪ ላይ ሰማያዊ ነገር ታየው።

ሲባጎ።

የራሱ ስፌት።

ጆንያው ላይ ወደ ጂቡቲ የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ከአጠገቡ ጥቁር መነጽር ያደረገ የአስመጪና ላኪ ደላላ ቆሟል። የደላላውን እጅ ይዞ የሚስቀው ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቷል። ጀርባውን ግን ንዋይ ያውቀዋል።

ከውሃ ጋኑ ጀርባ ተጠጋ።

«የቀረውስ?» አለ ደላላው። «ሰዎቼ ሌላ ሰው እጅ ካለ አይፈልጉትም። ወይ ለብቻቸው ነው፣ ወይ ይቅር።»

«ቅዳሜ ሙሉ በሙሉ እጄ ይገባል» አለ ሻምበል ዘገዬ። «እዚህ አገር አንዲት ፍሬ አትቀርም። ነገ መልሰው ለእኛው ይሸጡልናል፤ ምን ቸገረህ?»

«ሴትየዋስ?»

«ሌባዋ እሷ ናት። ሌባ ከተያዘ ወዲያ ሌላ ሌባ ማን ይፈልጋል?»

ባቡሩ ጮኸ። ንዋይ ኩሽኔታውን ሳይቀበል ወጣ። ሲራመድ ላየው እንደ ወትሮው ነው። በዚያ ሥራ ውስጥ መጀመሪያ የሚማሩት አረማመድ ነው።

የመርዳሳ እጅ ሲታሰር ያየው ትዕይንት አልለቀው አለ።

*

በማግስቱ በቀትር፣ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ መኪናውን ዳር ያዘው። ሞተሩን አጠፋ።

«ዶክተር፣ ስሜ ሰብስቤ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች አበዛሽ።

ዞሮ አያት።

«አበል የማይጠይቅ ሹፌር በዕድሜዬ አጋጥሞኝ አያውቅም» አለችው። «ገና የመጣህ ሰሞን ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ባባርርህ ሌላ ይልካሉ። አንተ ቢያንስ መኪና መንዳት ትችላለህ።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «መርዳሳን የጠቆምከው አንተ መሆንህን ስሰማ ግን ጠላሁህ። አልደብቅህም። ሰውየው አሁንም እስር ቤት ነው።»

ንዋይ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ጆንያውን፣ ባቡሩን፣ ደላላውን፣ የቅዳሜውን ወጥመድ። ቅዳሜ ዘሩን ጭና ወደ ነገሌ እንደምትወርድ ሪፖርት ያደረገው ራሱ ነው፤ ዘገዬ መቂ ኬላ ላይ ይጠብቃታል።

«ይሽሹ። ዛሬውኑ አዋሽን አሻግርዎታለሁ።»

«አባቴ አቶ አብተው ናዝሬት ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ትቻቸው የት እሄዳለሁ? ደግሞ እኔ ከሸሸሁ ምን ይሆናል? የገበሬውን ቤት አንድ በአንድ ይበረብራሉ። ጎተራውን ይገለብጣሉ። ሰው ይገረፋል።» ወደ ሸንኮራ ማሳው አየች። «ጆንያ ይያዛል። በሴት መቀነት የተቋጠረን ግን ማን ፈትሾ ይጨርሳል?»

«አልገባኝም።»

«ዘሩን ዛሬ አርብ ለቶይባ ታደርስልኛለህ። ነገ የአርሲ ነገሌ ገበያ ነው። ከሌላው ቦሎቄ ጎን ዘርግታ በጣሳ ትሰፍረዋለች። የሚገዙትን ታውቃቸዋለች፤ የሚዘሩ ናቸው። እኛ ደግሞ ተራ ቦሎቄ በጆንያ ጭነን በመቂ እናልፋለን።»

«ይይዙናል እኮ።»

«አይይዙንም። አንተ ነህ የምትይዘኝ።»

«እኔ አላደርገውም!»

«ታደርገዋለህ። ዘሩ ተያዘ፣ ሌባዋ ተያዘች፣ አለቀ ይላሉ። ፍለጋው ያበቃል። መርዳሳንም የሚያስሩበት ምክንያት አይኖራቸውም።» እጇን ክንዱ ላይ አሳረፈች። ሻካራ እጅ ነበር። «ያኛው ጆንያ ሄደ? ይሂድ። እዚያም ይብቀል፣ የሚበላው ሰው ነው። እዚህ እንዳይጠፋ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ንዋይ ሞተሩን አስነሳ። 

*

በዚያው ዕለት መቂ ኬላ ላይ ጠባቂው እጁን አነሳ።

«ምን ጭነሃል?»

«ፉርሽካ። የጣቢያው ከብቶች የሚበሉት።»

ጠባቂው ረጅም ሹል ብረት ይዟል። የመጀመሪያውን ጆንያ ወጋው። ፉርሽካ ፈሰሰ። ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። በዚያኛው ውስጥ ፉርሽካው ከላይ ብቻ ነው።

ብረቱን አነሳ።

ንዋይ ከደረት ኪሱ ጠቆር ያለች መታወቂያ አውጥቶ በመዳፉ ውስጥ አሳየው። በጠቅላላው ዘመቻ ያላወጣት መታወቂያ ነበረች። ጠባቂው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይለፉ፣ ጓድ!»

አለፈ። ግን ጠባቂው እንደሚናገር ያውቃል። ያች መታወቂያ የወጣችበት ቦታ ሁሉ ለአለቃው ይነገራል።

አርሲ ነገሌ ቶይባ በእህል በረንዳዋ ላይ ቆማ ጠበቀችው። «አካም» አላት። ሰላምታውን አልመለሰችም።

«የኦቦ መርዳሳን ጆንያ የወሰድከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ዛሬስ ለማን ነው የምትሠራው?»

«ለአበዛሽ።»

ፊቱን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ሻሿን አጥብቃ አሰረች።

«አውርድ» አለችው።

*

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዘገዬ መቂ ኬላ ላይ ከነወታደሮቹ መንገዱን ዘግቶ ቆሞ ነበር።

ንዋይ መኪናውን አቆመ። በሩን ከፈተላት። አበዛሽ ወረደች። ነጭ ነጠላ ለብሳ ነበር፤ እንደ ሰንበት።

ዘገዬ አንዱን ጆንያ በጩቤ ቀደደ። አንድ እፍኝ ቦሎቄ ዘገነ። ከዚያ በግራ እጁ ኪሱን ፈተሸ።

ጥቂት ፍሬዎች አወጣ። ከመርዳሳ ጆንያ ያስቀራቸው ናቸው።

ንዋይ ይሄን አላሰበም።

ዘገዬ ሁለቱን መዳፎቹን ወደ ፀሐይ አቀረበ። ይሄም ነጭ። ያም ነጭ። አንዷን በጥርሱ ሰበራት። ቀመሳት። ዘርተው ካላዩአቸው በቀር የሚለያቸው ነገር የለም።

«ግሩም ነው፣ ጃርት» አለ በመጨረሻ። ግን ዓይኑን ከንዋይ ላይ አላነሳም። «ትናንት በዚህ ኬላ አልፈሃል አሉኝ። መታወቂያ አሳይተህ።»

«የቶይባን ሱቅ ልሰልል ነበር። ገና ምንም አልደረሳትም።»

«ፉርሽካ ጭነህ?»

ወታደሮቹ ወደ ንዋይ ዞሩ። 

ጥፊው ከየት እንደመጣ አላየውም።

«ከሃዲ!» አበዛሽ ፊት ለፊቱ ቆማለች። «ያጎረስኩህ እጄ ይቆረጥ! ፉርሽካ ነው እያልክ ታታልለኝ ነበር፤ ለካ መንገዱን እያጠናህ ነው! ልጄ ብዬህ ነበር እኮ!»

በድጋሚ ሰነዘረች። ወታደሮቹ ያዟት። ዘገዬ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ጥርጣሬው ከሳቁ ጋር ወጣ።

«በል ቻለው፣ ጃርት። የሥራህ ደመወዝ ነው።»

ወደ ጂፑ ወሰዷት። ንዋይ ጉንጩን ይዞ ቆመ። እሱን ለማዳን እንደ መታችው ያውቃል። ግን ዓይኗ ውስጥ ያየው እንባ የውሸት አልነበረም። «ከሃዲ» ስትል መርዳሳን አስባ እንደሆነ፣ ከልቧ እንደሆነ፣ ያኔም ኋላም ሊለየው አልቻለም።

ዞራ አላየችውም።

በዚያው ሰዓት አርሲ ነገሌ ላይ ቶይባ በጣሳ እየሰፈረች ነበር። የእያንዳንዷን ሴት እጅ ያዝ አድርጋ ጆሮዋ ላይ በኦሮምኛ አንድ ነገር ታንሾካሹካለች፦ እንዳትበሉት። ሴቶቹ መቀነታቸው ውስጥ፣ የነጠላቸው ጫፍ ላይ፣ ጉያቸው ውስጥ እየቋጠሩ ወደየቀበሌያቸው ተበተኑ። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ምንጣፉ ባዶ ሆነ።

*

ንዋይ ለሽልማት ሲጠራ አልተገኘም። ያችን መታወቂያ ቀዶ አዋሽ ውስጥ ጣላት። ሻሸመኔ ዳርቻ አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሸክም ተሸካሚ ሆነ። ዱቄቱ ፊቱን ስለሚሸፍነው ተስማማው።

በዚያ ክረምት ዘነበ፤ ቶሎም ቆመ። የበቆሎው አገዳ ሲጠወልግ፣ ከአዳሚ ቱሉ እስከ ነገሌ ባሉ ጓሮዎች ደራሽ ፍሬዋን ይዛ ነበር። ዘገዬን ደላላው ተራ ቦሎቄ ሸጥክልኝ ብሎ ከሰሰው ተባለ፤ ወደ ሰሜን ግንባር ተልኮ ወሬው ጠፋ። ኦቦ መርዳሳ ተፈቱ። አንድ ቀን ንዋይ በጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ ሲያልፍ ሽማግሌውን ማሳቸው ውስጥ አያቸው። አንድ እጃቸው ታጥፎ ቀርቷል። በሌላኛው ቦሎቄ ይነቅላሉ። መኪናውን አስቁሞ ሊወርድ ፈለገ። ምን ብሎ?

አልወረደም።

ወሬውን ያመጣችለት ቶይባ ናት። ልታስፈጭ መጥታ፣ ጆንያዋን ስታስረክበው፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ለአበዛሽ አባት ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ ብለዋቸዋል።»

ትርጉሙን በዚያ ዘመን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ንዋይ ጆንያውን ተሸክሞ ወደ ውስጥ ገባ። ወፍጮው ይጮሃል። እሱም የፈለገውን ያህል ጮኸ፤ የሰማው የለም።

ናዝሬት፣ ለቅሶ ቤት ሲደርስ ድንኳን አልነበረም። ድንኳን መጣል ያስፈራ ነበር። ጥቂት ጎረቤቶች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አቶ አብተው ዓይናቸው ስለማያይ የገባውን ሰው ሁሉ በእጃቸው ይዳስሳሉ። የንዋይን እጅ ያዙ፤ ሻካራውን መዳፍ ዳሰሱ።

«ማን ልበል?»

«ሹፌሯ ነበርኩ፣ አባባ።»

«አ! የመንገድ ጓደኛዋ።» እጁን አልለቀቁም። «እንግዲያው አሳልፎ የሰጣትን ሰው ታውቀዋለህ።»

ጎረቤቶቹ ቀና ቀና አሉ።

«አውቀዋለሁ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ንዋይ የተማረው ሁሉ ጠፋው። አረማመድ፣ አነጋገር፣ የውሸት ስም፤ ሁሉም። እሷ ፈቅዳ እንደ ሄደች ቢናገር፣ ነገ ወሬው ይወጣል፤ ከመቀነት ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ጎተራ የገባው ሁሉ ይፈለጋል።

«ክፉ ሰው ነው፣ አባባ» አላቸው።

አቶ አብተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግዜር ይቅር ይበለው ልል በየጠዋቱ እሞክራለሁ። አፌ ድረስ ይመጣል። አይወጣልኝም።»

«አይበሉት» አለ ንዋይ። «ይቆይ።»

ሽማግሌው እጁን ጨመቅ አድርገው ለቀቁት። ተነስቶ ወጣ። አውቶቡስ ተራው እንደ ወትሮው ሰው ይተረማመስበታል። የሻሸመኔው ሊሞላ ነበር። ረዳቱ በሩ ላይ ሆኖ ስሙን ጠየቀው፤ ንዋይ አፉ ላይ የመጣለትን ስም ሰጠና፣ ከኋላ ወንበር፣ ከሁለት የእህል ጆንያዎች መሃል ተቀመጠ።